ንባቡን ብቻ ይዤ የተፈተንኩ ጊዜ

ሰሞኑን መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ወልድያ ወርጄ ነበር። ቢሮው ደጃፍ ላይ የተደረደሩ ወጣቶች ለቲዎሪ ፈተና ይሸመድዳሉ። አንዷ ዓይኗን ጨፍና የመልሶቹን ፊደል እየደጋገመች ትወዛወዛለች። ወገቤ ሲያስቸግረኝ ከጎኗ ተቀመጥኩና ሳላስበው ሳቅኩ። እኔም እንደሷ ሸምድጄ ነበር፤ ያውም በዜማ።

አባቴ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በላይ ባለች ደብር የድጓ መምህር ነበሩ። ልጃቸው ብሆንም እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች የኔታ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ያሳደጉኝ ወንበራቸውን እንድወርስ ነው፤ ሌላ የሚተካቸው አልነበረም። እኔ ግን ሃያን ስሻገር ልቤ መኪና ላይ ሸፈተ። አቧራ እያስነሱ ወደ ጋሸና የሚወጡትን አይሱዙዎች ባየሁ ቁጥር ድጓው ከአፌ ይጠፋል። ጨንቆኝ ስነግራቸው አልተቆጡም። ሁለት ጊዜ ተፈተን፤ ሁለቱንም ከወደቅህ ግን ፈቃደ እግዚአብሔር ነውና ተመልሰህ ወንበሩን ትይዛለህ አሉኝ። ተስማማሁ።

የቤተ ክህነት ልጅ መሸምደድ አያቅተውም። የጥያቄውን ጥራዝ ተውሼ መልሶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ፣ ለ፣ መ፣ ሀ፣ ሀ፣ ሐ እያልኩ በግዕዝ ዜማ አዜምኳቸው። ኅዳር ላይ ገብስ ሳጭድ እንኳ ያችኑ ዜማ እደግም ነበር። ጥያቄዎቹን ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አላየኋቸውም። ወልድያ ወርጄ ወረቀቱ ሲሰጠኝ ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቋል። ሌላ መላ አላውቅምና በዜማዬ ሞላሁት፤ ወደቅኩ። ስመለስ ጋሸና ላይ መኪና ስጠብቅ ነፋሱ ጆሮዬን ይቆርጠኝ ነበር። በኪሴ የያዝኩትን ቆሎ እንኳ መቆርጠም ታከተኝ።

ሁለተኛው ፈተና ሳምንት ሲቀረው፣ ከቅዳሴ መልስ መንገድ ዳር ተቀምጠን አባቴ ጥራዙን ተቀበሉኝ። መኪና ላይ ከተሳፈሩ ዓመታት አልፈዋል። የመንገድ ምልክቶቹን ሲያገላብጡ ቆዩና ቁልቁል የተዘቀዘቀውን ሦስት ማዕዘን በጣታቸው ነኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅድሚያ ስጥ ነው፣ የኔታ።»

«እሱ ንባቡ ነው። ትርጓሜውን አምጣ።»

ከጥራዙ ልፈልግ እጄን ስዘረጋ መለሱኝ።

«ንባቡን ብቻ ይዘህ ሄደህ ነው የወደቅኸው፣ ልጄ። ማን ይመጣል? ከወዴት ይመጣል? አንተ ቀድመህ ብታልፍ ማን ይጎዳል? ይህን ሳታውቅ ፊደል ብትቆጥር ምን ይረባሃል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ትርጓሜ በሚማሩበት መጻሕፍት ቤት እንደሚደረገው፣ ምልክቱን ሁሉ «አንድም» እያሉ አስተረጎሙኝ። መንገዱን በእንጨት ጭረው መሬት ላይ ያሰምራሉ፤ ጠጠሮቹ መኪናዎች ናቸው። ሁለታችንም የማናውቀው ሲገጥመን ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የቆመ ሾፌር ፈልገው እሳቸው ራሳቸው ይጠይቁልኛል። ሾፌሮቹ መስቀል ተሳልመው፣ እየሳቁ ይመልሱላቸዋል። ተማሪዎቻቸው ዜማቸውን ይዘው ተራ እየጠበቁም እንኳ አባቴ የእኔን ጥናት አያቋርጡም ነበር።

አለፍኩ። ወረቀቱን ባሳየኋቸው ጊዜ «መንገድህን ያቅናልህ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔም በደስታዬ ፊታቸውን ልብ አላልኩትም።

እነሆ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ስነዳ። ጉልበቴም ወገቤም ዳገቱ ላይ አለቀ። አባቴ ሲያርፉ የሚተካቸው ጠፍቶ ተማሪዎቹ በየአገሩ ተበተኑ፤ ጎጆዎቻቸውም ፈረሱ። በዚያ ስነዳ፣ በተለይ በደከመኝ ቀን፣ ምነው ያኔ ዝም ባሉኝ እላለሁ። ዝም ቢሉኝ ደግሜ እወድቅ ነበር፤ ስምምነታችንም እኔን ያስቀርላቸው ነበር። ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁት ነበር። ወንበራቸው ባዶ እንደሚቀር እያወቁ አስጠኑኝ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳቸውም።