ስም ያልሞላሁላት መስመር

አሰላ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። አንዱ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚቀበልበትን በር እኛ ኤፒአይ እንለዋለን። በሮቹን ሁሉ በዝርዝር የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ይጻፋል።

የአንዷ ጎን ግን ባዶ ነበር። የሲሬ ቅርንጫፋችን ኃላፊ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ የላብራቶሪ ውጤት በሚኒባስ እስኪደርሳቸው መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ "ልጄ፣ የፈቃድ ደብዳቤውን ኋላ አመጣለሁ፣ አንተ ብቻ በሩን ክፈትልኝ" አሉኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ይለፍ ቃል ከፈትኩላቸው። የፕሮግራሙን ስም ብሞላ "ደብዳቤው የታል?" መባሌ አይቀርም፤ ባዶ ተውኩት። ደብዳቤውም አልመጣም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ባለፈው ክረምት የአንዲት ታካሚ ውጤት ሲሬ ገበያ ላይ ተወራ። ሴትዮዋ ከቤት መውጣት አቆመች። ወሬውን እንደሰማሁ ኮምፒውተሩን ፈተሽኩ፤ ውጤቷን አንድ የማላውቀው ስልክ በዚያች በር ገብቶ አንብቦታል። ጥርጣሬው ግን የወደቀው በካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ላይ ነበር። ሃያ ዓመት የሰው ምስጢር የያዙ እናት፣ ጥፋታቸው ሲሬ ዘመድ ማፍራታቸው ብቻ!

ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ "በኮምፒውተር በኩል ወጥቶ እንደሆነ፣ በሮቹን በየፕሮግራሙ ለይተህ አሳየን" አለኝ። ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ አብርቼ በፕሮግራም ስም አጣራሁት። ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፤ ሁሉም ተቆልፈዋል። ስም የሌላት መስመር ከማጣሪያው ውጭ ቀረች። እንደምትቀር አውቅ ነበር። "ባዶ" የሚለውን ምርጫ አንዴ ብነካው ትመጣለች፤ አልነካሁትም።

"ሌላ በር የለም?"

"የለም" አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሆን ፊቴን የሚያቀላው ይሄ ነው።

እስከዚያ ድረስ "ወላሂ፣ አልተናገርኩም" ሲሉ የነበሩት የካርድ ክፍሏ እናት ወደ እኔ ዞሩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"እሱ የለም ካለ የለም ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ ልጅ አይዋሽም። እንግዲህ እኔው ሳላውቀው አምልጦኝ ይሆናላ። ሲሬ ውሰዱኝ፣ የሴትዮዋ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃት።"

መኪና ታዘዘላቸው። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር፣ ክንዳቸውን ይዤ ደግፌ ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ። "ተባረክ" አሉኝ።