በጸበል ሰሞን የዘለልኩት የጠዋት መድኃኒት

የልጄ ኩላሊት አሲድን በደንብ አያስወጣም። ሐኪሟ፣ ደሟ ውስጥ እንዳይጠራቀም ብሎ ባይካርቦኔት የሚባል መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ አዘዘላት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ስላልዘለልኩ ስሙን ደብተሯ ላይ አስጻፍኩት። ነጭ ዱቄት ነው። በውሃ በጥብጬ ስሰጣት «ጨው ጨው ይላል» እያለች ፊቷን ታጨማድዳለች። በሰጠኋት ቁጥር በሩ ላይ በለጠፍኩት ካላንደር አንድ ሰረዝ አደርጋለሁ።

ባለፈው ዓመት ለሰባት ቀን ጸበል ላስጠምቃት ጀመርኩ። ጸበል በባዶ ሆድ ነው። ከቀጨኔ ዳገቱን ወጥተን፣ ተራ ጠብቀን ቤት ስንገባ ስድስት ሰዓት ያልፋል። መድኃኒቱ አፏ ከገባ ጾሟን የፈታች መሰለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ የጠዋቱን ተውኩት። ካላንደሩ ላይ ሁለት ሁለት ሰረዝ ብቻ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ዳገቱ መሃል ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ ሳልሮጥ ለምን ደከመኝ?»

እውነትም እንደ ሯጭ ነበር የምትተነፍሰው፤ ሆዷ እየገባ እየወጣ። ታክሲ ይዤ ሆስፒታል አደረስኳት። ደሟን መርምረው አሲዱ በዝቷል አሉ። ባይካርቦኔቱን በደም ሥሯ በጠብታ ቀስ እያደረጉ ይሰጧት ጀመር።

«መድኃኒት አቋርጣ ነበር?» አለችኝ ነርሷ።

ስለ ጸበሉ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«እኔም እየተጠመቅኩ ነው ያደግኩት፣ እናቴ። አሁን ትንፋሿን ይቁጠሩልኝ። ሆዷ ሲነሳ አንድ ይበሉ» ብላ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ሰጠችኝ።

ስቆጥር ዋልኩ። ወደ አመሻሹ ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ መጣ። ልጄም ጠብታውን አየት አድርጋ፣ «ያ ጨዋማው ነው? በዚህ ይሻላል፣ አይቀመስም» አለች። ነርሷ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ። እግዜር ይስጣት፣ ሰዓቷን ተቀብላኝ እስክትወጣ ድረስ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም።

ከሆስፒታል ስንወጣ ለንስሐ አባታችን ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ብትጠይቂኝ ኖሮ መድኃኒቷን ሰጥተሽ አምጪያት እልሽ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

የቀሩትን ሦስት ቀናት እሳቸው እንዳሉኝ የጠዋቱን በጥብጬ እየሰጠኋት አስጠመቅኳት። አሁን ቤታችን ሲመጡ መስቀላቸውን ከማሳለማቸው በፊት ቆም ብለው ካላንደሩን ያያሉ።

«ሁለት ነው እኮ» ይሉኛል።

«የማታው ገና ነው፣ አባ» እላለሁ። ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል።