በሜጋፎን የተረጎምኩት አባት

ልጅ እያለሁ ዲላ ውስጥ፣ በእኛ ቀበሌ፣ በሜጋፎን የሚነገሩ ነገሮች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ስብሰባና ፍቅር። ስብሰባው የሊቀመንበሩ ነበር፣ ፍቅሩ ደግሞ የኔ። ትስቁ ይሆናል እንጂ እውነቴን ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በሁለት እጄ እንኳ አልያዝ የሚለኝን ሜጋፎን ተሸክሜ መላ ቀበሌውን አስለቅስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ፊልም ይታይ ነበር። መስኮቶቹ በቡና ጆንያ ይጋረዱና አዳራሹ ድቅድቅ ይላል። ፊልም በተባለ ቁጥር እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው እርጥብ ጆንያና የጄኔሬተር ናፍጣ ነው፤ የቡና ወቅት ከሆነ ደግሞ የገለፈቱ ሽታ ይጨመርበታል። ዲላ ያደገ ሰው ያን ሽታ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ባስረዳው አይገባውም። ስክሪን የምንለው ከአባቴ ሱቅ የተገዛ አቡጀዲ ነበር። ፊልሙን የሚያጫውተው ጋሽ በራሶ ፕሮጀክተሩን ከልጆቹ አስበልጦ ይወደው ስለነበር ማንም አጠገቡ ድርሽ አይልም።

የሚመጡት ፊልሞች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ከሶሻሊስት ወንድም አገሮች የሚላከው ነው፤ ትራክተር ይበዛበታል፣ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ እንጂ አይስቁም፣ መጨረሻ ላይ ባንዲራ ይውለበለባል። አሁን ሳስበው ከመካከላቸው ደህና ደህና ፊልሞች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ እኛ ግን ዘፈን የሌለበትን ፊልም ፊልም ብለን አንቆጥረውም ነበር። ሁለተኛው የህንድ ነው። ኧረ የህንድ ፊልም! አክተሩ ብቻውን ሠላሳ ሰው ይጥላል፤ ጥይት ይመታውና ክንዱን በመሐረብ አስሮ ይነሣል። አክተር አይሞትማ! አክተሯ በአንድ ዘፈን ውስጥ አምስት ቀሚስ ትቀይራለች፤ መቼና የት እንደምትቀይር ሰኞ ትምህርት ቤት ስንከራከር እንውላለን። ወንዶቹ ደግሞ በእረፍት ሰዓት "ዲሽ! ዲሽ!" እያሉ ሲደባደቡ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሁሉ ይረግፍ ነበር።

ችግሩ ቋንቋው ነው። ሰዎቹ በህንድኛ ያወራሉ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ደግሞ በየቤቱ ጌዴኦኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ስልጢኛ እያወራ፣ ውጭ ሲገናኝ የሚግባባው በአማርኛ ነው። ስለዚህ በእኛ ቀበሌ ፊልም ያለ አስተርጓሚ አይከፈትም። አስተርጓሚው ከአቡጀዲው ጎን ቆሞ፣ ከሥር የሚጻፈውን እያነበበ፣ በሜጋፎን ወደ አማርኛ ይመልሳል። ይህን ሥራ ለዓመታት የሠሩት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጋሼ ታምራት ነበሩ። እሳቸው ወደ ገደብ ከተማ ሲዛወሩ፣ ከስድስተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ አንደኛ የምትወጣው ነጃት ትተካኝ ብለው ሄዱ። ነጃት ማለት እኔ ነኝ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ከስልጤ አገር በእግሩ የመጣ፣ ሱቁን በላቡ የከፈተ ሰው ነው። ፊልም ለእሱ ብልግና ነው፤ "በገዛ አቡጀዲዬ ላይ ሰው ሲላፋ!" እያለ ሲማረር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን የቀበሌ ትእዛዝ ነው፤ በዚያ ዘመን ሊቀመንበሩን እምቢ የሚል ነጋዴ ከየት ይመጣል? ዋጥ አድርጎ ተወው።

እውነቱን ልናገርና፣ እንግሊዝኛው አይደረስበትም ነበር። ጽሑፉ ብቅ ይልና ግማሹን ሳላነብ ይጠፋል። መጀመሪያ ሰሞን ሲያመልጠኝ ዝም እል ነበር፤ ዝም ስል ግን ከፊት ወንበር የማይጠፉት ቆጮ ሻጯ እማማ ዶሪቴ አይለቁኝም። "በል እንጂ ነጃት! ምን አለ?" ይሉኛል፣ እንደ ልማዳቸው ወንድና ሴት ሳይለዩ። ስለዚህ የደረስኩበትን አነባለሁ፣ ያመለጠኝን ከራሴ እሞላለሁ። ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ከሁለት ወር በኋላ የትኛው የህንዶቹ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ ለራሴም መለየት አቃተኝ። ውሸት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም፤ ሰው የምረዳ ነበር የሚመስለኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ቤታችን ጨፈገገ። ታላቅ እህቴ ሸምሲያ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው፤ ገና በልጅነቷ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ የተሰበረ እግር ስታስር ነው ያደገችው። እንግዲህ አንድ የወናጎ ነጋዴ፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ያለው፣ ሽማግሌ ላከባት። አባቴ ሰውየውን አይጠላውም፤ የአገሩ ልጅ ነው፣ ይሰግዳል፣ አይጠጣም፣ ምን ይወጣለታል? ሽማግሌዎቹ ቁርጥ ያለ መልስ ሊወስዱ ለሐሙስ ተቀጠሩ። መልሱ እሺ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። እማ "የአባትሽ ነገር ነው" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። ሸምሲያ የባዮሎጂ ደብተሯን አመጣችና ለኔ ሰጠችኝ። "አንቺ ስትደርሺ ትጠቀሚበታለሽ" አለችኝ። ያን ስትለኝ አንጀቴን በላችው፤ ደብተሩን አቅፌ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ከዚያ ሐሙስ በፊት ባለው እሑድ ስብሰባ ነበር። የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሁሉ መገኘት ስላለበት አባቴም መጣ። ስብሰባው አልቆ ሊወጣ ሲል የዲላ ዝናብ ወረደ። የዲላ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገባችሁ ያለው ሰው ቢሰድባችሁ አትሰሙም። አባቴ እንዳይወጣ ዝናቡ፣ እንዳይቀመጥ ፊልሙ ያዘው፤ በሩን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቆመ። ጋሽ በራሶ ፕሮጀክተሩን ሲያስነሣ ፊልሙን አወቅኩት። ከሁለት ሳምንት በፊት ያየነው ነው። አንድ ሀብታም አባት አለ፤ ልጁ ኮሌጅ መግባት ትፈልጋለች፤ እሱ ግን ሪዙ ለተጠቀለለ ነጋዴ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ልጅቷ እግሩ ላይ ወድቃ ትለምነዋለች። እሱም "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም! ከቤቴ ውጪ!" ብሎ ያባርራታል። ይህን ከሁለት ሳምንት በፊት እኔው ራሴ በዚሁ ሜጋፎን ተናግሬዋለሁ፤ ያውም አሳምሬ። አሁን ግን አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

ፊልሙ ሲሄድ ሲሄድ የአባቴ ፊት ቀስ በቀስ ወደ አቡጀዲው ዞረ። ልጅቷ እግሩ ላይ ስትወድቅ ሙሉ ለሙሉ ዞሮ ነበር።  ሰውየው ጣቱን ቀሰረ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ አፉን ከፈተ። ከሥር ጽሑፉ ወጣ፤ አስተርጓሚ ከሆንኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ፊደል ሳይቀረኝ አነበብኩት። ከዚያ ሜጋፎኑን አነሣሁና፣

"ልጄ፣ አይዞሽ፣ ተነሺ" አልኩ። "መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ። ባል የትም አይሄድም።"

ሰውየው በዚያው ቅጽበት ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው።

 ቀጥሎ ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ኧረ! ያን ጊዜ እንዲህ አላለም!" ብሎ ጮኸ። "ታዲያ ምን ሆኖ ነው ዕቃ የሚሰብረው?" አለ ሌላው። ሳቁ ተቀጣጠለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያዳኑኝ እማማ ዶሪቴ ናቸው። ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ዞረው፣ "ዝም በሉ! የኔም ባል ይቅርታ ሲል እንዲህ ነው፤ ዕቃ እየሰበረ!" አሉ። ሴቶቹ በሙሉ "እውነት ነው፣ እውነት ነው!" ብለው አጨበጨቡ፤ ክርክሩ በዚያው ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም። ሰውየው በጮኸ ቁጥር እኔ እመርቃለሁ። ከዘራውን ሲያነሣ "ደብተርና እስክሪብቶ እገዛልሻለሁ" አስባልኩት። ያ ባለ ሪዝ ነጋዴ መጥቶ ሲፎክር "እኔም እጠብቃታለሁ፣ ምን አስቸኮለኝ" አለ፣ በኔ አፍ። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ፣ በዝናብ እየተንሰቀሰቀች ከቤት ስትወጣ፣ "ኮሌጅ ልትገባ ሄደች፤ የምታለቅሰው አባቷ ስለሚናፍቃት ነው" ብዬ ተረጎምኩ። እማማ ዶሪቴ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን አባቴ ወዳለበት ለማየት አልደፈርኩም።

ፊልሙ ሲያልቅ ዝናቡ ካፊያ ሆኗል። አባቴ ደጅ ላይ ጠበቀኝ። አንድ ሰው የሰጠውን የኮባ ቅጠል ከራሳችን በላይ ይዞ፣ ጭቃውን እየዘለልን ወደ ቤት መሄድ ጀመርን። 

"ነጃት" አለ ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ።

"አቤት አባ።"

"ያ ሰውዬ፣ ዕቃውን ሲሰብር፣ ምን ነበር ያለው?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ግን አባቴን ዋሽቼው አላውቅም፤ ቢያንስ ያለ ሜጋፎን።

"ልጄ አይደለሽም፣ ከቤቴ ውጪ ነው ያለው" አልኩት።

አባቴ ቆመ። ኮባው ላይ የተጠራቀመው ውሃ ትከሻው ላይ ፈሰሰ፤ አላስተዋለውም። ዓይኔን ጨፍኜ ጥፊውን ጠበቅኩ።

"እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም" አለ። "የሰማሁት አንቺ ያልሽውን ነው።"

 ኮባውን አስተካክሎ ያዘና መንገዱን ቀጠለ፤ ተቆጥቶ ይሁን አይሁን ሊገባኝ አልቻለም። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንደ ወትሮው ሱቁን ከፍቶ ዘጋ።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሸምሲያና እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አላህን አመሰገነ፣ ሽማግሌዎቹን አመሰገነ፣ የሰውየውን ቤተሰብ እስከ አያቶቹ አመሰገነ። ያ ሁሉ ምስጋና ሲደረደር አበቃልን አልኩ። ከዚያ፣ "ግን መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ። ባል የትም አይሄድም" አለ። ወላሂ፣ ቃል በቃል! ሸምሲያ አፏን በሻሿ አፍና ተንሰቀሰቀች። እኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ወጥቼ "ንግግሩ የኔ ነው!" ልል ምንም አልቀረኝም። በማግስቱ ሸምሲያ ደብተሯን መልሳ ወሰደችብኝ።

አስተርጓሚነቴ ግን ብዙ አልቆየም። ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ገባና በአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተተካሁ። የተጻፈውን፣ እንደ ተጻፈው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚተረጉም ጨዋ ልጅ ነበር። እማማ ዶሪቴ ሁለት እሑድ ታገሡትና "የነጃት ፊልም ይሻላል" ብለው መምጣቱን ተዉት።

ሸምሲያ ነርስ ሆነች። ወርቃ ጤና ጣቢያ ስንት ዘመን አዋለደች፤ ዛሬ እንኳ በዚያ መንገድ ስታልፍ ልጃቸውን እየጎተቱ መጥተው "ይቺን የተቀበልሻት አንቺ ነሽ" የሚሏት እናቶች አሉ። ባልም እውነትም የትም አልሄደም፤ በሃያ ስድስት ዓመቷ ራሷ መርጣ አገባች።

ዘንድሮ ፊልም እንደ ልብ ነው። እኔም አያለሁ፣ አልደብቅም፤ ባለፈው ወር አንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ጀምሬ ሰባኛው ክፍል ላይ ደርሻለሁ። ቀረጻው ያምራል፣ ባሕሩ ያምራል፣ ሰዎቹ ሁሉ ጥርት ባለ አማርኛ ያወራሉ። ግን አንዷ ለሌላው አንድ ምሥጢር ለመንገር አርባ ክፍል ይፈጅባታል፤ በር ትከፍታለች፣ ታየዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ሳትነግረው ትወጣለች። እኔ ይዤው ቢሆን በአንድ እሑድ አልቆ ነበር! ልጆቻችን ደግሞ አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረው፣ ጆሯቸውን ደፍነው፣ እያንዳንዳቸው በየስልካቸው የየራሳቸውን ያያሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኛም ያኔ ብናገኘው እንዲያ እናደርግ ነበር። ብቻ አብሮ መሳቁ፣ አብሮ መከራከሩ፣ የማያውቁት ሰው ትከሻ ላይ ማልቀሱ ይናፍቀኛል።

ለኢድ ዲላ፣ አባቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። አባቴ ሰማንያውን አልፏል፤ ዓይኑ ደከም ብሏል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። ያን ድራማዬን ከፍቼ ሳይ፣ ድራማው ውስጥ ያለው አባት ልጁ ላይ ተነሣባትና "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም!" አላት። ሸምሲያና እኔ ተያየን።

አባቴ ከፍራሹ ላይ ቀና አለ። "ኤዲያ! ማነው ይሄን የተረጎመው?"

"ምነው አባ?" አለች ሸምሲያ።

"አልቻለበትም።" ወደ ልጅ ልጆቹ ዞረ። "እስቲ ድምፁን አጥፉት፤ ነጃት ትንገረን።"

ልጆቹ ግራ ተጋብተው ጆሯቸው ውስጥ የሰኩትን አወጡ። እኔም በሃምሳ ምናምን ዓመቴ ከሶፋው ተነሥቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምኩ።