ጉንዳን የሚባል ተቀባይ የለም

ችግሩ እንዲህ ነበር፦ ጉንዳንን የሚፈልግ ደንበኛ ጠፋ።

ጉንዳን የዳቦ ምድጃና የሊጥ ማቡኪያ ማሽን የሚጠግን ቴክኒሺያን ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው እጁን እንኳ ለማስገባት በሚቸገርበት የምድጃ ሆድ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ ይገባና፣ ከራሱ የሚከብድ ሞተር አቅፎ ይወጣል። በሙያው የሚያማው የለም። ሆኖም የድርጅቱ ኮምፒውተር ደንበኞች ለየትኛው ቴክኒሺያን ስንት ጥያቄ እንደላኩ ሲደምር፣ ጉንዳን ከሁሉም በታች ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም በታች ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ምንም አልተላከለትም።

ሥራ አስኪያጁ በቁጥር የሚያምኑ ሰው ናቸው። «ደንበኛ ለማይፈልገው ሰው መኪናና ነዳጅ መድቤ አላዞርም። ከሩብ ዓመቱ በኋላ እቃ ግምጃ ቤት ይግባ» አሉ። ጉንዳን ወሬው ሲደርሰው ምሳውን አቋርጦ ተነሳ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው ሲል የኖረ ሰው፣ ከእንግዲህ መደርደሪያ ሥር ተቀምጦ ብሎን ሊያድል ነው።

ጉዳዩን ማንም ሳያዛት የያዘችው የድርጅቱ የኢሜይል አስተዳዳሪ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ፖስታ ቤት» ይሏታል፤ ሲለማመጧት ደግሞ «ፖስትዬ»። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ኢሜይሉን የሚያስተናግደው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ እንዳይግል ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ስለሚነፋ፣ ውጭው ሐሩር በሆነበት ቀን እንኳ ሹራብ ለብሳ ነው የምትሠራው። ሊጠይቃት የገባ ሁሉ ቶሎ ጉዳዩን ጨርሶ የሚወጣው ሥራዋን አክብሮ ሳይሆን በርዶት ነው።

ሥራዋን ለእናቷ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክራለች።

«ሰዎች ደብዳቤ ይልካሉ፤ አንዳንዱ ይጠፋል፤ እኔ እፈልጋለሁ፣ እማዬ።»

«አድራሻውን አሳስተው ነዋ የጠፋው።»

«አብዛኛውን ጊዜ አዎ።»

«እነሱ እያሳሳቱ አንቺ የምትፈልጊ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ?»

እናትየው ያልገባቸው፣ ልጃቸው ደግሞ ነፍሷን የምትሰጥለት ነገር ይህ ነው፦ የጠፋ ኢሜይል ዝም ብሎ አይጠፋም። የሚጠፋበት ቦታ አለው። ቦታዎቹ ብዙ ስላልሆኑ ተራ በተራ መፈተሽ ይቻላል።

ስለዚህ ተራ በተራ ፈተሸች። መጀመሪያ የጉንዳንን ሣጥን አየች። የኢሜይል ሣጥን ሲሞላ አዲስ የመጣውን አይቀበልም፤ ብዙ ሰው «ማንም አይጽፍልኝም» እያለ የሚያማርረው የአምስት ዓመት ማስታወቂያ ስላላጸዳ ነው። የጉንዳን ሣጥን ግን ባዶ ነበር። ቀጥላ ማጣሪያውን አየች፤ ይህ ፕሮግራም ማስታወቂያና ማጭበርበሪያ የመሰለውን ሁሉ ለይቶ የሚያስቀር ሲሆን፣ አንዳንዴ የዋሁንም አብሮ ያስቀራል። እዚያም ያገኘችው ክብደት እንቀንስልህ የሚሉትን ብቻ ነው። ጉንዳን ደግሞ የሚቀነስ ነገር የለውም።

ቀሪው ቦታ በሩ ነው። ወደ ድርጅቱ የሚላክ ኢሜይል ሁሉ ሰርቨሩ በር ላይ ይደርሳል። ሰርቨሩ እንደ ጥበቃ ሠራተኛ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይላል። የተጠራው ስም ከሠራተኞቹ ስሞች ውስጥ ካለ «ግባ»፤ ከሌለ «እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም» ብሎ ይመልሳል። ፖስታውን ተቀብሎ አይከፍተውም፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። የሚያስቀረው አንዲት መስመር ናት፦ ማን መጣ፣ ማንን ጠራ፣ ተመለሰ። እነዚህን መስመሮች ማንም አያያቸውም። አጭበርባሪዎች ቀን ከሌሊት በግምት የሌለ ስም እየጠሩ በሩን ስለሚደበድቡት፣ የተመላሹ ብዛት ከአሸዋ አይተናነስም። ምን እንደምትፈልግ ካላወቀች አሸዋ መዛቅ ብቻ ነው የሚሆንባት።

ምን እንደምትፈልግ ያወቀችው ዳቦ ቤት ውስጥ ነው።

ከሥራ ስትወጣ ጉንዳን ድሮ ይጠግንላቸው ከነበሩት ደንበኞች አንዷ ጋ ጎራ አለች። የዳቦ ቤቷ ባለቤት እስከ ክርኗ ዱቄት የሆነች፣ ድምፅዋ ከማቡኪያው በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ፖስታ ቤት ከየት እንደመጣች ስትነግራት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እናንተ ናችሁ እንዴ! የማያፍሩ ሰዎች!»

«ምን አደረግን እትዬ?»

«ጉንዳንን ላኩልኝ ብዬ ስንቴ ጻፍኩ! ምድጃዬ ግማሹን እያሳረረ ግማሹን ጥሬ ያወጣል። እናንተ ግን በእንግሊዝኛ እየመለሳችሁ ታሾፋላችሁ።»

«በእንግሊዝኛ?»

«ይኸው!» ስልኳን ከኪሷ አውጥታ በዱቄት እጇ ገፋችላት። «በላክሁ ቁጥር ወዲያው ትመልሳላችሁ። ረጅም ነው፣ ቁጥር አለው፤ ደረሰን ተራሽን ጠብቂ ማለታችሁ ነው ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። ቁጥሩንም የወረፋዬ ቁጥር ነው ብዬ ይዤዋለሁ።»

ፖስታ ቤት ዱቄቱን በእጅጌዋ ጠርጋ አነበበች። ሴትዮዋ ወረፋ ይዣለሁ ብላ የጠበቀችው «የለም» የሚለውን መልስ ይዛ ነው። የተጠራው ተቀባይ ደግሞ ጉንዳን ነበር፤ ጉንዳን፣ ቀጥሎ ያቺ ጭራዋን የጠቀለለች ምልክት፣ ቀጥሎ የድርጅቱ ስም። የቴክኒሺያኑ ትክክለኛ አድራሻ የተሠራው ግን በመታወቂያው ላይ ባለው ስም ነው። ያንን ስም ከደመወዝ ክፍሉና ከሚስቱ በቀር የሚያውቀው ሰው መኖሩም ያጠራጥራል።

«ይህን አድራሻ ማን ሰጠሽ?»

«እሱ ራሱ ነዋ! ጉንዳን ብለሽ ወደ ድርጅቱ ጻፊልኝ አለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ጉንዳን ከደረጃው ሥር ወዳለችው ቀዝቃዛ ክፍል ተጠራ። የዕቃ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ጋሽ ጉንዳን፣ ደንበኞችህን ጉንዳን ብላችሁ ጻፉልኝ ትላለህ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አድራሻህ እኮ በጉንዳን አይደለም።»

«እዚህ ግቢ ውስጥ ሌላ ጉንዳን አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እንዴት ይጠፋቸዋል?» አለ፤ በእውነት ግራ ገብቶት።

ሲታሰብ ልክ ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ ጠፍቷቸው አያውቅም ነበር። ደንበኛ ስልክ ይደውላል፣ «ጉንዳንን» ይላል፣ ስልክ ተቀባይዋ የሁሉንም ቅጽል ስም በቃሏ ስለምታውቅ ጉንዳንን ትልካለች። ከዚያ ስልክ ተቀባይዋ ጡረታ ወጣች፤ የስልክ መስመሩም ቀረና ጥያቄ ሁሉ በኢሜይል ይሁን ተባለ። ድርጅቱ ስልኩን ሲዘጋ ቅጽል ስሞቹም አብረው መዘጋታቸውን ያስተዋለ የለም። በወርክሾፑ ግን ሰው አሁንም የሚጠራራው፣ ለደንበኛም ራሱን የሚያስተዋውቀው በቅጽል ስሙ ነው።

ፖስታ ቤት የምታስሰውን ስም ስላወቀች ተመላሾቹን መስመሮች በዚያ ስም አበጠረቻቸው። ዳቦ ቤቶች፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ የብስኩት ፋብሪካ፣ ሁሉም ጉንዳንን ጠርተው በሩ ላይ ተመልሰዋል። ወንበሯ ላይ ሆና አጨበጨበች፤ ከዚያ ለማን እንደምታጨበጭብ ስላላወቀች ወርክሾፕ ወረደች። ጉንዳን እንዲህ ከሆነ ሌሎቹስ?

«እስቲ እያንዳንዳችሁ፣ ደንበኛ ምን ብሎ ነው የሚጠራችሁ?»

«እኔን ሻምበል!»

«እኔን ድንቡሼ፤ ግን እንዳትጽፊው።»

ዘይት በተነካ ጨርቅ እጁን የሚጠርግ አንድ ረዥም ቴክኒሺያን «እኔን በስሜ ነው» አለ። ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ንገሩታ!» አለ ድንቡሼ።

«ምኑን?»

«ነገ ነው የሚሉህ።»

«ነገ?»

«መቼ ትጨርሳለህ ሲሉህ ነገ ትላለህ። መቼ ትመጣለህ ሲሉህ ነገ ትላለህ። ታዲያ ምን ይበሉህ?»

ፖስታ ቤት ወደ ክፍሏ ተመልሳ ተመላሾቹን መስመሮች በዚህም ስም አበጠረቻቸው። በእርግጥም «ነገ» የሚባል ተቀባይ ፈልገው የተመለሱ ነበሩ፤ እንዲያውም ከጉንዳን ቀጥሎ በብዛት የተፈለገው እሱ ነው። ይህን ስትነግረው የሰውዬው ፊት ተፈታ። «አየሽ፣ ስሙ ቢያስጠላም ይፈልጉኛል ማለት ነው» አለና ካቻቪቴውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። የተመላሾቹን ብዛት ነገረቻቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«እነዚህ የጥገና ጥያቄዎች ናቸው?»

«ምን እንደጻፉ አላውቅም። ደብዳቤው ሳይከፈት ነው የተመለሰው።»

«ስለዚህ ማስታወቂያም ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል። ግን ዳቦ ቤት ለጉንዳን ምን ያስተዋውቃል?»

ሳቃቸውን ለመደበቅ የውሸት ሳል ሳሉ። የማያውቁትን ግን አልቆጥርም አሉ፤ ለቁጥር ታማኝ ናቸውና ለእሷም ሲሉ አያዛቡትም። የወሰኑት እንዲህ ነው፦ የጉንዳን ዝውውር ለአንድ ሩብ ዓመት ይቆይ፤ ቅጽል ስሞቹ ሁሉ ተለዋጭ አድራሻ ይሁኑ፤ ከዛሬ ጀምሮ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመር። በዚህ ሩብ ዓመትም ከታች ከሆነ ግን እቃ ግምጃ ቤት ይገባል።

ተለዋጭ አድራሻ ማለት ሌላ ሣጥን አይደለም። ጥበቃውን «ጉንዳን ብሎ የመጣ ሁሉ የዚህን ሰው በር ያንኳኳ» ብሎ እንደመንገር ነው። በአንድ ከሰዓት ተሠርቶ አለቀ። ዳቦ ቤቷ በዚያው ሳምንት ጻፈች፣ ደብዳቤዋ ገባ፣ ጉንዳንም ምድጃዋ ውስጥ ገባ።

ነገር ግን ደንበኛ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ «ምድጃ ጠጋኙ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ያ አጭሩ ሰውዬ» ይላል። ይህን ሁሉ ገምቶ መመዝገብ አይቻልም። በሩንም ለመጣ ሁሉ መክፈት አይሆንም፤ ፖስታ ቤት ለሙከራ ግማሽ ቀን ብትከፍተው የአጭበርባሪው ጎርፍ ሰርቨሩን ሊያሰጥመው ደረሰ። ስለዚህ የሚመለስ ሁልጊዜ ይኖራል። የተመለሰ ሰው ግን መመለሱን ካወቀ እንደገና ሊሞክር ይችላል። ወረፋ ይዣለሁ ብሎ ከተቀመጠ ጉንዳን አንድ ደንበኛ ጎደለበት፤ ቆጠራው ደግሞ ሊያልቅ ነው።

እናም አሁን የያዘችው ሥራ «የለም» የምትለዋን መልስ መጻፍ ነው። ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ያ ረጅም የእንግሊዝኛ መልስ በአብዛኛው የላኪው ሰርቨር የሚጽፈው ነው፤ የእሷ በር የሚናገራት አንዲት አጭር መስመር መሐሉ ላይ ትሰካለች። በራሳችን ፊደል ስትጽፋት አንዳንዱ ጋ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆና ትደርሳለች። ስለዚህ ቋንቋውን ትታ ሳይሆን ፊደሉን ብቻ በላቲን ቀይራ ጻፈችና ሰው ላይ መሞከር ጀመረች።

የመጀመሪያዋ መስመር «ይህ ሰው እዚህ የለም» የምትል ነበረች። ከእናቷ ስልክ ላከችና ምን እንደገባቸው ጠየቀቻቸው።

«ውይ!» አሉ እናትየው። «መቼ ሞተ?»

ሁለተኛዋ «አድራሻው አልተገኘም» ትል ነበር። ዳቦ ቤቷ አንብባ ተቆጣች። «የማን አድራሻ? እኔ ስንት ዓመቴ እዚሁ!»

ሦስተኛዋን ጉንዳን ነው ያመጣት። መኪናው እስኪነሳ ብርዱን ችሎ ሊጠይቃት ገብቶ፣ ትከሻዋ ላይ ሆኖ ሲያነብ ቆየና «ለምን ስልክሽን አትጽፊበትም?» አላት። ቁጥር በየትኛውም ፊደል ቁጥር ነው፤ ወደ ጥያቄ ምልክትም አይለወጥም። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ «ስልክ ዘግተን ስልክ ልንከፍት ነው?» ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የእሷን የጠረጴዛ ስልክ ብቻ ፈቀዱ። «አልደረሰም፤ በዚህ ይደውሉ» የሚለውን ዳቦ ቤቷ ወዲያው ገባት። የብስኩት ፋብሪካው ግዢ ሠራተኛ ግን ከየትኛውም መልእክት የመጀመሪያዎቹን ቃላት ብቻ አንብቦ የሚዘጋ ሰው ነው፤ የእሷ መስመር ደግሞ ከእንግሊዝኛው ሥር ትወድቅበታለች።

ዛሬ ሹራቧን ለብሳ የምትሠራው ይህንኑ ነው። የፋብሪካው ሰርቨር መልሱን እንዴት እንደሚያቀናብረው ለማየት፣ የሰውዬውን ፈቃድ ጠይቃ፣ የሌለ ስም እየጠራ እንዲጽፍላት አድርጋለች። መስመሯን ታሳጥራለች፣ ቁጥሩን ከፊት ታደርጋለች፣ ትልካለች፣ ደውላ ትጠይቃለች።

«አሁንስ ምን ታየህ?»

«እንግሊዝኛ።»

«ትንሽ ወረድ በል።»

«ወረድኩ።»

«አሁንስ?»

«ቆይ፣ ቆይ… ቁጥር ያለ ይመስለኛል።»

«አትዝጋው!» አለችው፤ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች።