መርፌው ያልተሰማቸው ሰው

በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ የጤና ተማሪ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለ ስሜት ሕዋሳት ተማርንና ራሴን አዋቂ አደረግሁ። ቆዳችን ውስጥ ያሉት ስሜት ተቀባዮች ንክኪውን፣ ሙቀቱን፣ ውጋቱን ወደ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጡታል፤ መልእክቱ በነርቭ አድርጎ ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይሮጣል፤ «አመመኝ» የምንለው ያን ጊዜ ነው። ይህን ለማን ልንገረው እያልኩ ስቁነጠነጥ ሰነበትኩ።

አንድ ጠዋት ከኮሶዬ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ከሚስታቸው ጋር ምርመራ ክፍል ገቡ። ከገበሬ ማኅበራቸው የተጻፈላቸውን የይለፍ ወረቀት አጣጥፈው ይዘዋል። ቀኝ መዳፋቸው ተቃጥሏል።

«የጋለ ድስት ጨብጦ ቆሞ ያወራኛል!» አሉ ሚስታቸው። «ቃጠሎው ሲሸተኝ ነው እጁን ያየሁት። እሱ ምንም አላወቀው።»

አስተማሪያችን ሥጋ ደዌ ጠረጠሩ። የሽማግሌውን የግራ እጅ ስሜት እንድፈትሽ አዘውኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄዱ።

«አያ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ጨፈኑ። በጥጥ ነካኋቸው፤ ዝም። በመርፌ ጫፍ ነካ አደረግሁ፤ ዝም። ፍተሻው እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ግን ሁለት የክፍል ጓደኞቼን ጠራሁ። እንግሊዝኛ እየቀላቀልኩ፣ «ተቀባዩን በሽታው ገድሎታል፤ መልእክት የሚባል የለም» እያልኩ መርፌውን ጣታቸው ላይ፣ መዳፋቸው ላይ ደጋግሜ ሰካሁት። አንደኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው እንደታዘዙት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ገና ነው ልጄ?» ይላሉ።

«ምነው ልጄ! ደሙን አታየውም?»

ሚስታቸው ነበሩ። የባላቸውን እጅ ከእጄ ነጥቀው በነጠላቸው ጠቀለሉት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። ነጠላውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ተይው፣ እየተማረ ነው» አሏቸው። «እኔ እንደሁ አላመመኝም።»

ፊቴ ጋለ። ይቅርታ ማለት አቃተኝ። ቁስሉን ጠርጌ አሰርኩላቸው፤ ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም። ለአስተማሪያችንም አልተናገርኩም። መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው መመለሳቸውን ስሰማ ደስ አለኝ። ይህ ደስታ ከመርፌው ይልቅ ያሳፍረኛል።

ከወራት በኋላ እዚያው ጎንደር፣ ፒያሳ ላይ ሁለቱን ከሩቅ አየኋቸው። ሚስትየዋ ክንዳቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ እኔ ይመጣሉ። መንገዱን ተሻግሬ አንድ ሱቅ ገባሁና፣ እስኪያልፉ ድረስ የማልገዛውን ጨርቅ እያገላበጥኩ ቆየሁ።