ጨው የበላው የፍሬን ቱቦ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ትንንሹን ኃጢአቴን ሁሉ እየቆጠርኩ ስነግራቸው ይህን እየዘለልኩ ስንት ጾም ገባ፣ ስንት ጾም ተፈታ! የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሑፌ ያምራል አልልም። የሆነውን ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሳልፈራ እጽፈዋለሁ።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ምድጃ ማጥፋቴን ለማየት ከመንገድ እመለሳለሁ። አንዲት ልጄ ሜሮን ወይን ስትበላ ፍሬውን አራት ቦታ ቆርጬ ነበር የምሰጣት። ያኔ በምንኖርበት በሲያትል ከተማ፣ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር፣ የኛ ሴቶች፣ «ዝናቡ እንኳ የሜሮንን እናት ሳያስፈቅድ ልጅቷን አይነካም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጠንቃቃ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ያደርጋል። እኔ አድርጌዋለሁ።

መኪናዋን ባለቤቴ ግርማ ከሚኒሶታ፣ ከአጎቱ ልጅ ገዝቶ ሦስት ቀን ነድቶ ነው ያመጣት። ሰማያዊ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥቦ በሰም ሲወለውላት ፊትህን ታይባት ነበር። በሚኒሶታ ክረምት በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ያ ጨው ከጎማው እየተረጨ የመኪናን ሆድ ይበላል። ሲያትል ዝናብ እንጂ እንዲህ ያለ ጨው ስለማናውቅ ሥሯን ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም።

እኔ መንጃ ፈቃድ ያገኘሁት በአራተኛው ፈተና ነው። ግርማ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ «እሷን ካበላሸሽ አውቶቡስሽ አለልሽ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ በፊት ሜሮንን በጠዋት ቀስቅሼ፣ ጎረቤት አድርሼ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ነበር ቡሪየን ሄጄ ሆቴል የማጸዳው።

አንድ ሰኞ ሜሮንን ይዤ ዘይት ላስቀይር ጋሽ ተስፋይ ዘንድ ወሰድኳት። ጋሽ ተስፋይ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ መካኒክ ናቸው፤ ሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ከአንድ ቤት ጀርባ ትንሽ ጋራዥ ነበራቸው፤ የኛ ሰው መኪና ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። በክሪክ አነሷትና ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡ።

«የሜሮን እናት፣ እስቲ ነይ ጎንበስ በይ።»

በባትሪ አሳዩኝ። ሥሯ ሁሉ ቡናማ ሆኗል። አንድ ቀጭን ቱቦ በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ላዩ እንደ ዳቦ ቅርፊት ረገፈ።

«ከየት ነው ያመጣችኋት?»

«ከሚኒሶታ።»

«በይ እንግዲህ! ከላይ ሙሽራ፣ ከሥር አሮጊት። ጨው በልቷታል።» ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ይሄ የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ነው። ከተበሳ ፍሬን የለሽም። እዚሁ ተያት፣ አዲሱ ቱቦ ቅዳሜ ይደርሳል። እናንተን እኔ ቤት አደርሳችኋለሁ።»

ቅዳሜ መልሼ አመጣታለሁ አልኳቸው።

«አይሆንም። ልጅ ይዘሽ እንዳትነጂ!»

«እሺ ጋሼ» አልኩና ገብቼ ነዳሁ። ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። በእንግሊዝኛ አይደለም፣ በአማርኛ ነገሩኝ። ሜሮን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እጇ በእጄ ውስጥ ሆኖ ሰምታለች።

ለምን አልተውኳትም? ለግርማ መንገር ስለነበረብኝ ነው። አንተ የምትወለውላት መኪና ከሥሯ በስብሳለች ማለት ነበረብኝ። አበላሸሻት ይለኛል ብዬ ፈራሁ፤ አውቶቡሱን ፈራሁ። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ቀስ ብዬ ከነዳሁ ምን ይመጣል አልኩ። ጠንቃቃ ነኛ!

ሐሙስ ሜሮንን ከትምህርት ቤት ይዤ ከቢከን ሂል ዳገት ወደ ታች ስወርድ ፍሬን ያዝኩ። እግሬ ጭቃ እንደረገጠ ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፤ መኪናዋ ተጣመመችና ከሰው አጥር ጋር ተላተመች። እኔ ምንም አልሆንኩም። የሜሮን ግንባር ተተረተረ።

ግርማ ሆስፒታል እያለከለከ መጣ። ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ እየተሰፋች ነው።

«ሰኞ ጋሽ ተስፋይ ጋ ወስደሻት አልነበር? ምን አሉሽ?»

«ደህና ናት ብለው ሰጡኝ» አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። አራት ቃል ነው። እኔ አልኩት።

ያ ዓመት አገራችንና ኤርትራ ጦርነት የገጠሙበት ዓመት ነበር። አብረው አንድ ትሪ ላይ ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ሰላም የሚሉትን ሰው መምረጥ ጀምረው ነበር። ግርማ ለጓደኞቹ ተናገረ፤ እነሱም ለሌላው። በሳምንቱ ወሬው ወደ እኔ ሲመለስ ሌላ ልብስ ለብሶ ነበር፦ «ሆን ብሎ ነው። የኛን ልጅ ሊገድል ነው።» ጦርነቱን እኔ አላመጣሁትም። ሰው ሊያምነው ተዘጋጅቶ የቆየውን ውሸት የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። አይደለም ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ሽማግሌ የላኩት ጋሽ ተስፋይ ራሳቸው ናቸው። ነገሩ ይጣራልኝ፣ ስሜ ጠፋ ብለው። ሁለት ሽማግሎች ይዘው እሑድ ቤታችን መጡ። ሜሮን ግንባሯ እንደታሸገ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነጠላዬን ደርቤባታለሁ። እሳቸው፣ «ነግሬአታለሁ» አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ «አልነገሩኝም» አልኩ። ይኸው፣ ሁለተኛ ዋሸሁ።

ግርማ፣ «ሜሮን አብራ ነበረች፤ ልጅ አይዋሽም፣ እሷ ትናገር» አለ።

ሁሉም ወደ ልጄ ዞሩ። «ማሚ፣ ሂ ሴድ…» ብላ ያሉኝን ልትናገር ጀመረች። በነጠላው ሥር ጭኗን ቆነጠጥኳት። አጥብቄ ነው የቆነጠጥኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አይ ዶንት ሪሜምበር» አለች፤ አላስታውስም ማለቷ ነው።

ጋሽ ተስፋይ እጄን ይዩ፣ ዓይኗን ይዩ አላውቅም። ግን አዩ። ከወንበራቸው ተነሡ።

«ልጅቷን ተዉአት! ለእናቷ መንገሩን ረስቼ ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ስማቸውን ሊያጸዱ የመጡ ሰው፣ ልጄ በእናቷ ፊት ዳግመኛ እንዳትዋሽ ብለው ስማቸውን ትተውት ሄዱ። ሽማግሎቹ እርቅ ወረደ ብለው ደስ አላቸው። ጋሽ ተስፋይ የግርማን ጉልበት ሊይዙ ጎንበስ አሉ፤ እሱ አንሥቶ ሳማቸው። ገበታ ቀረበ። «እርቅ ነውና አጉርሻቸው» አሉኝ። አጎረስኳቸው። በዚያው በቆነጠጥኩበት እጅ።

ከዚያ በኋላ ማን መኪናውን ይወስድላቸዋል? ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው በአፋቸው ተናግረዋላ! ጋራዣቸውን ዘግተው ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ፤ የት እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሴቶቹ፣ «እንኳን ሄደ፤ እግዜር ነው ልጅሽን ያተረፈልሽ» ሲሉኝ አሜን እል ነበር። አሜን!

ሜሮን ዛሬ የራሷ ቤት፣ የራሷ ሥራ አላት። ባለፈው ወር ልትጠይቀኝ መጥታ ሁሉን ነገር ደብተር ላይ ስትጽፍ አየሁና ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ማሚ፣ እኔ የሰማሁትን አላምንም» አለችኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ። ያኔ መኪናዋን አትንጂ ሲሉሽ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። አንቺ አላሉም ስትዪ፣ ሶ፣ ጆሮዬ ነው የተሳሳተው አልኩ።»

ያን ሰዓት መናገር ነበረብኝ። ተነሥቼ ሻይ ቀዳሁላት።

ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ ስሳም ኖሬያለሁ። ያኛውን፣ እኔ በእጄ ያደረግሁባትን ግን አላየሁትም ነበር። የመኪና ሥር የበሰበሰ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ባለሙያ አለ። የልጄን ማን ጎንበስ ብሎ ሊያይላት ነው? እናቷ እኔ ነኝ።

ጋሽ ተስፋይ፣ በሕይወት ካሉ ይቅር ይበሉኝ። ባይሉኝም እውነትዎ ነው። በዚያ እሑድ ቤቴ የበላችሁ፣ ወሬውን የሰማችሁ ሁሉ፣ ሰውየው ነግረውኛል፤ ልጄን ለማዳን ነው ጥፋተኛ ነኝ ያሉት። ጦርነቱ ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ያኔ ለአገሩ እንግዳ ነበርሽ እያላችሁ አታጽናኑኝ። ይሄ ሁሉ ቢኖርም የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሜሮን አማርኛ ማንበብ አትችልም። ነገ ከሥራ ስትወጣ ወደ እኔ ትመጣለች፤ ግርማም ቤት ነው። ሁለቱን አስቀምጬ ይህን ራሴ አነብላቸዋለሁ። ቁንጥጫው ጋ ስደርስ ድምፄን አልቀንስም።