በስሜ ላይ የፈሰሰው ሲሚንቶ

ጎረቤቴ ጓሮውን ሲሚንቶ ሊያስደርግ ግንበኞች ባስገባ ጊዜ፣ ገና ያልጠና ወለል ላይ ውሃ ሲርከፈከፍ የሚነሳው ያ እርጥብ አመድ አመድ የሚል ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣብኝ ሆዴ ይጮኻል። ልጆቼ «እማማ፣ ሲሚንቶ የሚያስርበው ሰው ካንቺ ሌላ አላየንም» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ጠግበው ያደጉ ናቸው።

ያደግኩት መርሐቤቴ፣ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል በሚያይ አፋፍ ላይ ነው። ደጋ ነው እንዳይሉት ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚወጣው ግለት ድንጋይ ያሰነጥቃል፣ ቆላ ነው እንዳይሉት ማለዳ ማለዳ ጋቢ ያስደርባል። አባቴ ከመንዝ፣ ከሞላሌ የመጣ የድንጋይ ግንበኛ ነበር፤ እናቴን አግብቶ እዚያው ሲቀር ባማረ ድንጋይ ቤት ሠራላት፣ መዘዙም ያ ቤት ሆነ። ጣሊያን አገራችን በገባ ጊዜ፣ ጦሩን ይዞ የመጣው ካፒቴን መንደሩን ዞሮ ዞሮ የኛን ቤት መረጠ። እኛም እቃችንን ተሸክመን ጓሮ ወዳለችው ማድ ቤት ገባን፤ ግቢው በሽቦ ታጠረ፣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ፣ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ ታስፈቅድ ነበር። በገዛ ግቢያችን እስረኞች ነበርን ብል ማጋነን አይደለም። አባቴን ያቆዩት ለእጁ ሙያ ብለው ነው።

ጓሮው ውስጥ ግን የማያውቁት ነገር ነበር። ከወይራው ዛፍ ሥር፣ ከፍ ባለውና ውሃ በማይተኛበት ደረቅ ቦታ፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ የእህል ጉድጓድ ነበረን። የዚያ አገር ሰው ማሽላውን የሚያኖረው እንዲያ ነበር፤ ጉድጓዱን በጭድ ለብጦ፣ እህሉን ሞልቶ፣ በድንጋይ ከድኖ አፈር ያለብሰዋል። ያለን እህል ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ጉድጓድ የተገኘበት ሰው «የአርበኛ ስንቅ ደብቀሃል» ይባል ነበር፤ ከወንዙ ማዶ የነበረ አንድ ገበሬ በዚሁ ሰበብ ቤቱ ተቃጥሎ ራሱም ተሰቅሏል። ስለዚህ እናቴ ዘበኞቹ ጠዋት ለሰልፍ በተጠሩ ቁጥር ድንጋዩን ገፋ አድርጋ፣ በቅል ጨልፋ፣ አፈሩን መልሳ እበት ትለቀልቅበት ነበር፤ እኔ ደግሞ የማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሰው ሲመጣ አስል ነበር። የዚያን ዓመት ያለ ጉንፋን ስስል ከረምኩ።

በጋው ሲበረታ ካፒቴኑ ሙቀቱን አልቻለውም። አንድ ቀን ጓሮ ወጥቶ በዱላው መሬቱን እየጫረ «ቴራሳ፣ ቴራሳ» ይል ጀመር። እናቴ «ተራራ» ያለ መስሏት «ያለን ተራራ አልበቃው ብሎ ጓሮዬ ላይ ሌላ ሊያስቆልል ነው?» አለች። አስተርጓሚው ሳቁን ውጦ አስረዳን፦ ማምሻውን ወንበር አውጥቶ ነፋስ የሚቀበልበት የሲሚንቶ ወለል ይፈልጋል፣ ሲሚንቶው በበቅሎ እየመጣ ነው፣ የሚሠራውም አባቴ ነው።

ካፒቴኑ ችካል ተክሎ ገመድ ሲወጥር ጉድጓዳችን ልክ መሐል ላይ ዋለ።

አባቴ እንደ ሽማግሌ ቃሉን እየመረጠ ሊመልሰው ሞከረ። «ጌታዬ፣ እዚህ ላይ የከሰዓት ፀሐይ ትበረታለች፤ ወለሉ እንደ ፍም ግሎ እግር አያስቆምም።» ካፒቴኑ ወደ ወይራው ጥላ አመለከተ። «የዛፉ ሥር ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል» ቢለው፣ የሚሰነጥቀውን ሥር ቁረጥ አለ። «ነፋሱ ከወዲያ በኩል ይሻላል» ቢለው፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ሲያቆም ከሸለቆው የሚመጣው ነፋስ እዚያው ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው አልተሳሳተም። አባቴ ያን ቦታ ለእህሉ የመረጠው ደረቅ፣ ከፍ ያለና ጥላ ያለው በመሆኑ ነበር፤ ለእህል የሚበጅ ቦታ ለወለልም ይበጃል። ክርክሩ አለቀና አባቴ ዶማውን አነሳ።

ይኼን ጊዜ እናቴ ጥጥ ከምትፈትልበት ተነስታ ሮጣ መሬቱ ላይ ተደፋች። «ልጄን! ልጄን አታስነሱብኝ! ክርስትና ሳትነሳ የሞተችብኝ ልጄ ናት እዚህ ያለችው!»

ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ስለማይቀበር በጓሮ እንደሚቀበር አስተርጓሚው ለካፒቴኑ ነገረው። የሞተች ልጅ ግን አልነበረችም፤ እናቴ ከኔ ሌላ አልወለደችም። ካፒቴኑ ባርኔጣውን አወለቀና አንድ ነገር ተናገረ።

«ስሟ ማን ነበር ይልሻል» አላት አስተርጓሚው።

ይኼን አላሰበችበትም። ያላት የልጅ ስም አንድ ብቻ ነበር። «ደብሪቱ» አለች።

ደብሪቱ እኔ ነኝ። ቀሚሷን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ካፒቴኑም በዱላው ወደኔ ጠቆመ። «ይህችስ?» አለ አስተርጓሚው። ልጅ የሞተበት ሰው ቀጥሎ የወለደውን ካሳዬ፣ ማስረሻ፣ ምትኬ ይለው የለ? እናቴም «ምትኬ» አለች። በቆምኩበት የራሴ ምትክ ሆንኩ።

አስተርጓሚው በዋዜማው «ደብሪቱ፣ ውሃ አምጪልኝ» ብሎኝ ነበር። እኔን አየ፣ አባቴ የያዘውን ዶማ አየ። ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ እናቴ ያለችውን እንዳለ ተረጎመ። ሲያልፍ ግን ጎንበስ ብሎ «እመት፣ እንግዲህ ይህች ምትኬ ናት። አደራ፣ እኔንም ጨምራችሁ እንዳታስፈጁኝ» አላት።

ችካሉ ተነቅሎ ወደ ግራ ተተከለ። አባቴ ነፍሱ መለስ አለችና ሥራውን በደስታ ያዘው። ወለሉን የዝናብ ውሃ ከቤቱ እንዲሸሽ ወደ ሸለቆው ዘንበል አደረገው፤ ፀሐይ ስታሳብጠው እንዳይፈነዳ በእንጨት ዘንግ ከፋፍሎ አፈሰሰው፤ ጥላ ስላልነበረው ባላ ተክሎ ሐረግ የሚሳብበት ዳስ አቆመለት፤ ሲሚንቶውም ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ጠዋት ማታ ውሃ ያርከፈክፍበት ነበር። እናቴ ማድ ቤት ተቀምጣ «ተመስገን» ትል ነበር። ሰው ክፋትን ይጠነቀቃል እንጂ ደግነት ያጠምደኛል ብሎ መች ያስባል!

ወለሉ አልቆ ሲሚንቶ ተረፈ። ካፒቴኑ አባቴን ጠርቶ፣ እናት ባዶ አፈር ላይ አታለቅስም፣ የተረፈውን ለልጅህ መቃብር አድርገው አለው። አባቴ «ጌታዬ አይልፉ፣ በኛ አገር የሕፃን መቃብር እንዲሁ ነው የሚተወው» ብሎ ለመነ፤ ካፒቴኑ ይሉኝታ መስሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አሸዋ አብዝቶ ሊያላላው ቢሞክርም ካፒቴኑ አጠገቡ ቆሞ «ሲሚንቶ ጨምር» አለው። አባቴ በገዛ እጁ፣ በገዛ እህላችን ላይ፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ሲሚንቶ አፈሰሰ። አስተርጓሚው ገና ሳይደርቅ በሚስማር ጻፈበት። ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና አባቴን ምን እንደሚል ብጠይቀው ላቡን እየጠረገ «ስም ነው» አለኝ።

ጎረቤቶች መምጣት ነበረባቸው፣ ካፒቴኑ እያየ ሳያለቅሱ ቢቀሩ ነገሩ ይነቃል። እትዬ ወለላ የምትባል ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታችን እናቴን አቅፋ በጆሮዋ «በሬሳ አልቅሰን እናውቃለን፣ በማሽላ ስናለቅስ ግን ይኼ መጀመሪያችን ነው» አለቻት። እናቴ በነጠላዋ ተሸፍና በሳቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ካፒቴኑ ፊቱን አዞረ፤ ኀዘኗን መመልከት አልቻለም።

ክረምቱ ሲገባ ሳቁ አለቀ። ዝናቡ ይዘንባል፣ ውሃው አባቴ ባዘነበለው ወለል ላይ ወርዶ ወደ ሸለቆው ይሄዳል፣ እኛ እህላችን እግራችን ሥር እያለ ጎመን ቀቅለን እናድር ነበር፤ በጎን እንዳንቆፍር የልጁን መቃብር የሚቆፍር ሰው ዘበኛ ዓይን ውስጥ ይገባል። እናቴ መቃብሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ አሁን የእውነቷን ነው። ካፒቴኑ እያዘነ በየእሑዱ ዳቦ ይልክላት ነበር፣ እሷም «ብይ ምትኬ» እያለች ሁሉንም ለኔ ትሰጠኝ ነበር። ዳቦውን እየበላሁ እጠላው ነበር፤ የምኖረው ሞታለች በተባለችው ልጅ ቀለብ መሆኑ ገብቶኛልና። አንድ ቀን በሽቦው ማዶ የቆመች የድሮ ጓደኛዬ «ደብሪቱ!» ብላ ስትጠራኝ ዘበኛው ፊት ዞርኩ። አባቴ ከዚያ በፊት እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን በጥፊ መታኝ። «ማንን ነው የምትጠራው? ማናት እሷ?» ብሎ ዘበኛው እንዲሰማ ጮኸ። ማድ ቤት ስገባ ተከትሎኝ ገብቶ፣ የመታኝን ጉንጬን በሻካራ መዳፉ ዳበሰው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው ቢኖር እንኳ አልዞርኩም።

እንዲያ እንዲያ ስንል ሌላም ክረምት አለፈ። በኋላ ጣሊያን ሲሸነፍ ካፒቴኑ እቃውን በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ገና አቧራው ሳይበርድ አባቴ መዶሻውን ይዞ መቃብሩ ላይ ወጣ። ጎበዝ ግንበኛ መሆኑን የረገመው ያን ቀን ነው፤ የራሱ ሥራ አልሰበር ብሎት ከማለዳ እስከ ቀትር ሲደበድበው ዋለ። እህሉ በስብሷል ብለን ስንፈራ ማሽላው ነቀዝ ሳይነካው ወጣ፤ አየር ያልገባበት እህል አይበላሽም። እናቴ እልል አለች፣ መንደሩ ተሰበሰበ፣ እትዬ ወለላም «እንኳን ከሞት ተነሣሽ!» እያለች ማሽላውን ሳመችው።

አባቴ በደስታ «ደብሪቱ! ነይ፣ ልጄ፣ ነይ እዪ!» ብሎ ጠራኝ።

አልዞርኩም። ያልዞርኩት ፈርቼ አይደለም፤ የጠራኝ እኔን አልመሰለኝም። እናቴ ግን እልልታዋን አቋርጣ አፉን በእጇ ያዘችው። «ተው! ስሟን ለመሬት ሰጥቼ ልጄን አስቀርቻለሁ። መሬትን ስሙን መልስ ካልነው ልጅቷን ነው የሚወስዳት» አለች። ስሙ የተጻፈበትን ስባሪ አንስታ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው፣ አፈሩንም በእጇ መለሰችበት። እኔ ባኮርፍ «እግዜር በክርስትና ስምሽ ያውቅሻል፣ ምን ቸገረሽ?» አለችኝ። ያኔ በጣም ቸግሮኝ ነበር።

ምትኬ ተብዬ ተዳርኩ፣ ምትኬ ተብዬ ወለድኩ፤ መታወቂያዬም ምትኬ ነው የሚለው። አባቴም እናቴም እትዬ ወለላም አልፈዋል። ያን ጊዜ ሰው በስሜ ይጠራኛል ብዬ ስሳቀቅ እውል ነበር፤ ዛሬ ሽቦም ዘበኛም የለብኝ፣ ደብሪቱ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ግን አንድም አልቀረም።